ደክሞኛል ያለው ልብስ ሰፊ

ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው «ሜትር» ብሎ ነው። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና የመታወቂያ ወረቀቱ ብቻ ናቸው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ልብስ ሰፊ ሁሉ ሜትር አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ እሱ ግን ያንጠለጥለዋል እንጂ አይጠቀምበትም። ደንበኛ በሩን አልፎ ሲገባ አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ያየውና «ወገብ ሰማንያ አራት» ይላል። ለክተን ስናየው ሰማንያ አራት ነው። አንዴ አንዲት ደልደል ያለች ደንበኛ ገና በሩ ላይ ቆማ፣ «ቁጥሬን ጮክ ብለህ ጠርተህ እንደሆነ ውርድ ከራሴ!» ብላው ሁላችንም በሳቅ ፍርስ ብለናል።

እኔ እዚያው ቤት ጫፍ ቀምቃሚ፣ ቁልፍ ተካይና ተኳሽ ነኝ። ተኳሽ ስል በካውያ ነው። በመቁረጫው ጠረጴዛ አንደኛው ጫፍ እሱ፣ በሌላኛው እኔ ሆነን አሥራ ሁለት ዓመት ሠርተናል። ስለዚህ ከምነግራችሁ ውስጥ ግማሹ በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ግማሹን እሱና ሚስቱ ኋላ ነገሩኝ።

ሚስቱ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ሲቆጣም ሲያቆላምጥም «መምህርት» ነው የሚላት፤ እኛም ከእሱ ለምደን እንደዚያው እንላታለን። ከተጋቡ በስድስተኛው ዓመት፣ ተስፋ ሊቆርጡ ጥቂት ሲቀራቸው ሴት ልጅ ወለዱ። የወለደች ዕለት ሜትር እየሮጠ ሱቅ መጥቶ «ርዝመት ሃምሳ፣ ደረት ሠላሳ ሦስት!» ብሎ ጮኸ። ክብደቷን ስንጠይቀው ረስቶታል። የልጅቷ የቤት ስም ሚጢ ነው።

ሚጢ በዓመቷ ቆመች። በዓመት ከመንፈቋ «ባባ»፣ «ውሃ»፣ «እንካ» ትል ነበር። ከዚያ ቃላቱ አንድ በአንድ ጠፉ። የጠፉበትን ቀን ማንም አያውቅም፤ አንድ ቀን መምህርት ቁጭ ብላ ስታስበው ልጇ «ውሃ» ካለች ሁለት ወር አልፏል። ስትጠራ አትዞርም። የካውያው እንፋሎት ትስስ ሲል ግን ከጓዳም ሆና ትሰማለች፤ ስለዚህ ጆሮዋ ደህና ነው። ሱቅ ሲያመጧት ከአንዱ የስፌት መኪና ሥር ትገባና ጉንጯን የመኪናው ብረት እግር ላይ ትለጥፋለች፤ መኪናው ሲሰፋ ንዝረቱን እያዳመጠች ሰዓት ሙሉ አትንቀሳቀስም። እኛም «እንዴት ያለች የማታስቸግር ልጅ ናት» እንል ነበር።

ነገሩ መጀመሪያ የገባው ለመምህርት ነው፤ በዓመት አርባ ልጅ የምታይ ሴት ናት። «ሐኪም ይያት» አለች። ሜትር ሳቀ። «እኔም እስከ አራት ዓመቴ አልተናገርኩም ትላለች እናቴ። አሁን ማን ያስቆመኛል?» አላት። እውነቱን ነው፣ አፉ አያርፍም። እኔም አብሬው ሳቅኩ። በዚያች ቀልድ ስምንት ወር አለፈ፤ ዛሬ ሳስበው ቅር ይለኛል።

ሦስት ዓመት ተኩል ሲሆናት የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ወሰዷት። ሐኪሟ ወለሉ ላይ መጫወቻ ዘርግታ ከልጅቷ ጋር አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠች፣ እነሱንም ብዙ ጠየቀቻቸው። ከዚያ ወንበሯን ወደ እነሱ አስጠጋች።

«ኦቲዝም ይባላል» አለች። «የምታየውን፣ የምትሰማውን፣ የሚነካትን ነገር አእምሮዋ የሚቀበልበት መንገድ ከእኛ ይለያል። እናንተ ያጠፋችሁት ነገር የለም።»

«መቼ ይለቃታል?» አለ ሜትር።

«እንደ ጉንፋን የሚለቅ አይደለም። አብሯት ያድጋል። የሚያግዟት ነገሮች ግን አሉ፤ አሁኑኑ ብንጀምር ጥሩ ነው።»

«መድኃኒቱ በቀን ስንት ጊዜ ነው?»

ሐኪሟ ሳትሰለች ደገመችለት። ሦስተኛ ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት መምህርት እጁን ያዝ አደረገችው። ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ መምህርት ወደ ግድግዳው ዞራ አለቀሰች። ሜትር የሚላት ቢጠፋው፣ «ይሄ መጋረጃ ዐሥር ሳንቲ ሜትር ያጥረዋል» አላት። ኋላ ሲነግረኝ፣ «አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ብቻ ነበር፤ እስካሁን አፍራለሁ» አለኝ።

መጀመሪያ ሚጢን የያዟት የመምህርት እናት ናቸው። እማማ የሐኪሟን ነገር አልተቀበሉትም። «የሰው ዓይን ነው» አሉ፤ ዛሬም ይላሉ። ልጅቷን ግን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩአት። ችግሩ ሚጢ በር ከተከፈተላት ነፋስ ናት። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ሊይዟት ሲጣደፉ ወድቀው እጃቸው ወለም አለ። ከዚያ በኋላ ባልና ሚስት መዋያ ፈለጉ። አንደኛው መዋለ ሕፃናት በአራተኛው ቀን መለሳት፤ ሁለተኛው ግማሽ ቀን አልቆየም። «ልጅቷ በጣም ጥሩ ናት፣ ግን…» ነው ሁሉም የሚሉት።

አንዳቸው ቤት መዋል ነበረባቸው። መምህርት ሥራዋን ከለቀቀች ተመልሳ አታገኘውም፤ እሱ መኪናው ባለበት ሁሉ መስፋት ይችላል። ስለዚህ የሱቁ ባለቤት ጋሼ ካሉት አራት መኪናዎች አንዱን አሸክመው ሜትር ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አስወጡለት። ቁረጣውን በሳምንት ሁለት ጠዋት ሱቅ መጥቶ ይሠራል፣ በእነዚያ ጠዋቶች እማማ ይመጣሉ፤ ስፌቱን ቤቱ ይሰፋል። ሰፈር ውስጥ «ሚስት ቦርሳ ይዛ ትወጣለች፣ ባል ልጅ አዝሎ ይቀራል» እያሉ የተንሾካሾኩ አልጠፉም። እሱ «ቦርሳው ይከብዳል፣ ልጅቷ ትሻለኛለች» ብሎ አለፋቸው።

የዚያ ዓመት ትልቁ ጦርነት ልብስ ነበር። ጠዋት ሚጢን ለማልበስ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ትጮኻለች፣ ትንከባለላለች፣ አንዱን እጅጌ ሲያስገባላት ሌላውን ታወልቃለች። ለሰው ሁሉ ልብስ የሚያለብስ ሰው የራሱን ልጅ ማልበስ ሲያቅተው አስቡት። ጨርቁን ለወጠ፣ አሰፋው፣ አጠበበው፤ ወይ ፍንክች። አንድ ጠዋት ግን እሱ ወጥ ቤት ሻይ ሲያፈላ ሚጢ ሹራቧን ራሷ አጥልቃ ወጣች። ገልብጣ ነው የለበሰችው፤ ውስጡ ውጭ፣ ውጩ ውስጥ። አንገቷ ላይ የመጠን ቁጥር የተጻፈባት ጨርቅ ወደ ላይ ቆማለች። ልጅቷ ዝም ብላለች፤ ተረጋግታ ዳቦዋን ትበላለች።

ሜትር ከሌሎቹ ልብሶቿ አንዱን አነሳና ውስጡን በጣቱ ዳሰሰው። የጎኑ ስፌት፣ የብብቱ ስፌት፣ የአንገቱ እጥፋት። ጣቱ በመርፌ ብዛት ደድሯልና ምንም አልተሰማውም። ጉንጩ ላይ አድርጎ ሲያሸው ግን ሻከረው። በማግስቱ ሱቅ መጥቶ፣ «ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው የሚቆረቁረውን ነገር ስሰፋ ኖሬያለሁ» አለኝ። በዚያ ሳምንት ስፌታቸው ሁሉ ወደ ውጭ የሆነ አምስት ቀሚስና አምስት ሱሪ ሰፋላት። የማልበሱ ሰዓት ወደ ዐሥር ደቂቃ ወረደ።

ይህን ስሰማ ነገሩ ቀለለለት ብዬ ደስ አለኝ። ለሚጢ ቀልሎ ነበር። እሱ ግን እየባሰበት ሄደ።

ሚጢ ብዙ አትተኛም፤ እሷ ካልተኛች ደግሞ የሚተኛ የለም። የምትበላው ቅርፊቱ የተነሳለት ዳቦና የተቀቀለ ድንች ነው፤ ያውም ድንቹ ዳቦውን ከነካው ሁለቱም ይጣላሉ። ሜትር ልጅቷን አብልቶ፣ አጥቦ፣ በጤና ጣቢያ የምትከታተላት ባለሙያ ያሳየችውን ጨዋታ አጫውቶ፣ በመሀል የዩኒፎርም ኮሌታ ሰፍቶ፣ ራሱ ምሳ መብላቱን ይረሳል። ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ማየት ተወ። ቀልዱም ቀነሰ። አንድ ቀን ሱሪውን ከሌላ ልብስ ጋር ልተኩስለት ገልበጥ ሳደርገው ወገቡ ላይ ከውስጥ የታጠፈው ትርፍ አራት ጣት ደርሷል። ሁለት ጊዜ አጥብቦታል። ልብስ ሰፊ ሲከሳ ማንም አያውቅበትም፤ ልብሱ ምንጊዜም ልኩ ነው።

«ሜትር፣ ምነው እንዲህ ከሳህ?» አልኩት።

«ጨርቁ ነው የሰፋው» አለኝ።

ጤና ጣቢያ ያለችው ባለሙያ በየወሩ የሚጢን ነገር ጠይቃ ስትጨርስ «እናንተስ?» ትላቸው ነበር። እሱ ሁልጊዜ «እኛ ምን እንሆናለን» ይላል። መምህርትም ራሷን ትነቀንቃለች።

በዚያ ሰሞን አውቶቡስ ውስጥ የሆነውን ለማንም አልተናገረም፤ እኔም የሰማሁት ከዓመት በኋላ ነው። ሁልጊዜ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው አውቶቡስ መንገድ ስለተቆፈረ ወደ ግራ ታጠፈ። ሚጢ መንገዱን ታውቀዋለች። ጮኸች፣ እጇን ነከሰች፣ በራሷ መስኮቱን መታች። ሜትር እጁን በራሷና በመስታወቱ መሀል አደረገ። አንድ ሰውዬ «አንዴ ቢቆነጥጧት ይበቃ ነበር» አሉ። አንዲት ሴት «እናቷ የት ሄዳ ነው?» አለች። ለሁሉም መልስ የማያጣው ሜትር ሦስት ፌርማታ ሲቀረው ወርዶ፣ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ እስክትረጋጋ አቅፏት ተቀመጠና ተሸክሟት በእግሩ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲያ ግድ ካልሆነበት ከጤና ጣቢያው በቀር የትም ይዟት አይወጣም።

አሁን ወደ ኮቱ ልምጣ።

አንድ የሙዚቃ አስተማሪ ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ጨርቅ አምጥቶ ኮት አዝዞ ነበር። ጨርቁ ፊትና ጀርባ አለው። ሜትር ሊቆርጠው የመጣ ጠዋት እማማ አሟቸው ቀሩ፤ ስለዚህ ሚጢን ይዟት መጣ። ጎረቤት ያለው ሱቅ ግድግዳ እያስቦረቦረ ነበርና ልጅቷ ጆሮዋን ይዛ ትጮኻለች። ሜትር በአንድ እጁ እያባበላት በሌላው ቆረጠ። ሲጨርስ ሁለቱን የፊት ክፍሎች ጎን ለጎን ዘረጋቸው። ቆሞ አያቸው። እኔም አየሁ። ሁለቱም የግራ ናቸው።

እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራው የመጀመሪያ ሳምንት ለማጅ ነው። ጋሼ እንኳ ከወንበራቸው ተነሥተው መጥተው አይተው ተመለሱ። በዚህ መሀል ሚጢ የጨርቁን ጫፍ ይዛ ጎተተች፤ መቀሱ፣ ጠመኔው፣ የስፒሉ ቆርቆሮ ሁሉ መሬት ላይ ፈሰሰ። ሜትር እጁን አነሳ።

እጁ አየር ላይ ቀረ። ሚጢ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም፤ የተነሳ እጅ ምን እንደሆነ አታውቅም። እሱ ግን እጁን አውርዶ የሌላ ሰው እጅ ይመስል አገላብጦ ተመለከተው። ከአንገቱ ሜትሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ጣለና «እህቴ፣ ያዢልኝ» ብሎኝ ወጣ።

ሚጢን ይዤ ምን እንደማደርግ ግራ ገባኝ። ከመኪናው ሥር አስገባኋትና ቁራጭ ጨርቅ ላይ ዝም ብዬ መስፋት ጀመርኩ፤ ወደፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደፊት። መኪናው እስከነዘረ ድረስ ልጅቷ ጸጥ አለች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ለምንም የማይሆን ጨርቅ ሰፋሁ። እግሬ ሲደነዝዝ፣ እሱ ይህን በየቀኑ ነው የሚያደርገው ብዬ አሰብኩ።

ሜትር የሄደው ሚስቱ ትምህርት ቤት ነው፣ በእግሩ። ሲደርስ እረፍት ነበር። መምህርት ከሩቅ ስታየው ደንግጣ እየሮጠች መጣች።

«ሚጢ ምን ሆነች?»

«ደህና ናት። ሱቅ ናት።»

«ታዲያ አንተ ምን ሆነህ ነው?»

«ደክሞኛል» አላት።

መምህርት በአሥር ዓመት ትዳራቸው ይህን ቃል ከአፉ ሰምታው አታውቅም። ወስዳ ቧንቧው አጠገብ ካለችው አግዳሚ ላይ አስቀመጠችው።

«እጄን አነሳሁባት» አለ። «አልመታኋትም። ግን አነሳሁ። ጨርቅም አበላሸሁ። መምህርት፣ እኔ እንጃ፣ ሰውነቴ እንቢ ብሎኛል።»

አንዲት ተማሪ መጥታ «ቲቸር፣ ገመዳችንን ቀሙን» አለቻት። «ተራ ግቡ በያቸው» ብላ ሸኘቻት። ከዚያ መሬት መሬት እያየች፣ «እኔም የምነግርህ አለኝ» አለች። «ከትምህርት በኋላ ስብሰባ አለ የምልህ፣ ስብሰባ የለም።»

«የቱ ስብሰባ?»

«የሁልጊዜው። ልጆቹ ሲሄዱ ክፍሌን ከውስጥ እዘጋና እቀመጣለሁ። አላርምም፣ አላነብም። ግድግዳ አያለሁ። አንድ ሰዓት ካየሁ በኋላ ቤት ለመምጣት አቅም አገኛለሁ። አንዳንድ ቀን አለቅሳለሁ፤ አንዳንድ ቀን ልቅሶውም አይመጣም።»

«በየቀኑ?»

«ከሰኞ እስከ ዐርብ።»

መናደድ ነበረብኝ ይላል ሜትር። የተሰማው ግን ቅናት ነው። «አንድ ሰዓት ሙሉ ግድግዳ?» አላት፣ ባሕር ዳርቻ ከርማ የመጣች ይመስል። መምህርት መጀመሪያ ገረማት፤ ቀጥሎ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ሳቁ እንባ ቀላቅሎ አልቆም ሲላቸው ልጆቹ ጨዋታቸውን ትተው ከበቧቸው፤ ደወሉ ተደውሎ ነው የገላገላቸው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ባለሙያዋ እንደ ልማዷ «እናንተስ?» ስትል ሜትር፣ «እኛ ደህና አይደለንም» አላት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይህን እስክትሉኝ ዓመት ጠብቄያለሁ» አለች። እዚያው የደም ግፊቱን ለካችው፤ አንድ መቶ ስድሳ በአንድ መቶ። በሕይወቱ ሰው ሲለካው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ ልኩንም አልወደደውም። እሱን ሐኪም ጋ ላከችው፣ ክኒን ተጀመረለት። መምህርትን ብቻዋን አስቀምጣ ረጅም ጊዜ አነጋገረቻት፤ ኋላም ድባቴ እንዳለባት ተነግሯት ክትትል ጀመረች።

«ለእያንዳንዳችሁ በሳምንት ሦስት ሰዓት የራሳችሁ ጊዜ ያስፈልጋችኋል» አለቻቸው ባለሙያዋ። «እንደ ክኒኑ የታዘዘ ነው። ማን ይይዝላችኋል?»

«ማንም» አለ ሜትር።

«እንግዲያው ቅዳሜ ኑ።»

ቅዳሜ የጤና ጣቢያው የክትባት ክፍል ውስጥ ወላጆች ይሰበሰባሉ። የፕላስቲክ ወንበር ክብ ተደርጎ ተደርድሯል፤ ሰባት ሰው ነበር። ሜትር ለመውጣት እንዲመቸው በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ማንም እንዲያዝንለት አልፈለገም። የመጀመሪያውን ቃል የወሰደው አንድ ግዙፍ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። «የእኔ ልጅ ፀጉሩን የሚያስነካኝ እንቅልፍ ሲወስደው ብቻ ነው» አለ። «ስለዚህ ግማሹን ማክሰኞ፣ ግማሹን ሐሙስ እቆርጠዋለሁ። ረቡዕ የሚያየው ሰው አዲስ ፋሽን ይመስለዋል። ባለፈው አንድ ጎረምሳ የት ነው የተቆረጠው ብሎ ጠየቀኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ሐኪሟ ከነገረቻቸው ወዲህ ሜትር በልጁ ነገር ከሰው ጋር ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር። ተራው ሲደርስ አንድ ሁለት ቃል ብሎ ሊያቆም አስቦ የአውቶቡሱን ነገር እስከ መጨረሻው ተናገረ። ሾፌሩ፣ «ሰውዬው እኛ በተሳፈርንበት አውቶቡስ ላይም ነበሩ፤ እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም» አለው። ስለ ስፌቱ ሲያወራ ደግሞ ሁለት እናቶች ወረቀት አውጥተው ጻፉ። አንደኛዋ እዚያው የልጇን ሸሚዝ አንገት ገልብጣ መዳሰስ ጀመረች።

መላውን ያመጣችው የሾፌሩ ሚስት ናት። አንድ እሑድ እነሱ ሁለቱን ልጆች ይይዛሉ፣ በሚቀጥለው እሑድ እነ ሜትር። በወሬ ደረጃ ቀላል ነው። የመጀመሪያው እሑድ ግን ሃያ ደቂቃ አልሞላም፤ ሜትርና መምህርት ገና የመንገዱ ማጠፊያ ላይ ሳሉ ስልክ ተደወለ። ሚጢ የሾፌሩን ቤት በር እየደበደበች ነበር። በሁለተኛው ተራ ከስፌት መኪና ጋር መጣች፤ ሜትር አንድ ያረጀ የእጅ መኪና ከሱቅ ለምኖ እነ ሾፌሩ ቤት አስቀመጠ፣ የሾፌሩ ሚስትም ማዞር ተማረች። ሚጢ አርባ ደቂቃ ቆየች። በአራተኛው ወር ሦስት ሰዓት ሞላ።

የተመኙትን ሦስት ሰዓት ሲያገኙ ባልና ሚስት ተጣሉ። እሷ ጫማ መግዛት፣ እሱ ኳስ ማየት ፈለገ። ለመጨቃጨቅ ሶፋ ላይ እንደተቀመጡ ሁለቱም እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ ከነጫማቸው። ሲነቁ ሰዓቱ አልፏል። እየሮጡ ሲደርሱ የሾፌሩ ሚስት በሩን ከፍታ ፊታቸውን አየችና፣ «ልቆጣ ተዘጋጅቼ ነበር፤ የትራሱን መስመር ጉንጫችሁ ላይ ሳይ ተውኩት» አለቻቸው።

እማማም ሐሙስ ከሰዓት በኋላን ወሰዱ። ሜትር በሩ ላይ ከፍ አድርጎ መቀርቀሪያ ገጠመላቸው። «ዓይን ነው የበላት» ማለታቸውን አልተዉም፤ መቀርቀሪያውን ግን አንድም ቀን ሳይዘጉ ቀርተው አያውቁም። ሐሙስ ሜትር ሱቅ ይመጣል። የተበላሸው ጨርቅ ሰደርያ ወጣው፤ ጋሼ ለኮቱ ሌላ ጨርቅ ከራሳቸው ቆርጠው ሰጡ፣ የሙዚቃ አስተማሪውም ሰደርያውን ከኮቱ ይልቅ ወደደው።

መምህርት የስብሰባውን ውሸት ተወች። አሁን «ግድግዳዬ ጋ ነኝ» ብላ ትደውልለታለች፤ በሳምንት አንድ ቀን ነው፣ እሱም ያውቃል። ክትትሏ ዓመት ፈጀ። ቶሎ የተሻላት እንዳይመስላችሁ፤ በመሀል መድኃኒቱን አቁማ እንደገና የጀመረችበት ጊዜ አለ። ሜትር ክኒኑን በየጠዋቱ ይውጣል። ሱሪውን ሁለት ጣት አስፍቶታል።

ሚጢ ዘንድሮ ሰባት ዓመቷ ነው። የምትላቸው ቃላት አሥራ አራት ናቸው፤ የቀረውን በሥዕል ካርድ ታሳያለች። «ውሃ» ተመልሷል፣ «እንካ» እስካሁን አልተመለሰም። እናቷ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ግማሽ ቀን ትማራለች፣ ከጎኗ አንዲት ረዳት አለች። ባለፈው ወር የክፍሉ ወላጆች «ጩኸቷ ልጆቻችንን ይረብሻል» ብለው አመለከቱ። ስብሰባ ተጠራ፤ ይህኛው እውነተኛ ስብሰባ ነው። ሾፌሩና ሚስቱ ሳይጠሩ አብረው ሄደው ከኋላ ተቀመጡ። ብዙ ክርክር ሆነ። ርዕሰ መምህሩ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ትቆይ፣ ከዚያ እናያለን ብለው አሳደሩት። ሜትር ሲነግረኝ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። «እናያለን ማለት ምን ማለት ነው?» አለኝ።

የዚያን ሳምንት እሑድ ተራው የነሾፌሩ ቤት ነበር። ሜትርና መምህርት ስለ ትምህርት ቤቱ ላለማውራት ተስማምተው በወንዙ ዳር ሊራመዱ ወጡ። የመምህርት አዲስ ጫማ ተረከዟን ላጠውና ከመንገድ ተመለሱ። ሾፌሩ ቤት በር ላይ ሲደርሱ ገና ሃያ አምስት ደቂቃ ይቀራል። ከውስጥ የሚጢ ድምፅ ይሰማል፤ ደህና ናት። መምህርት ልታንኳኳ እጇን ስታነሳ ሜትር ክንዷን ያዛት።

«ሃያ አምስት ደቂቃ እኮ አለን» አላት ቀስ ብሎ።

ጫማዋን አወለቀች። ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ሰዓቱ እስኪሞላ ድረስም አላንኳኩም።